በሁለት በቅሎ የመጣ ብረት

ልጅ እያለሁ አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። እናቴ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ታስቀምጠኛለች፤ እንዝርቷ ሁለቴ ሳይዞር እኔ ደጅ ነኝ። ደጅ ወጥታ ስትፈልገኝ አጥር ላይ ነኝ፤ ወደ አጥሩ ዞራ ስትጣራ ድምፄ ከጎረቤት ቡና ውስጥ ይመጣል። መቱ ያን ጊዜ የሣር ክዳን ቤቶችና አንድ ገበያ ብቻ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ሰውን ያውቃል። እኔን ግን በክርስትና ስሜ የሚያውቀኝ ያጠመቀኝ ቄስ ብቻ ይመስለኛል፤ ለሌላው ሁሉ ቁንጥንጧ ነበርኩ። እድሜያችሁ ከኔ የሚቀራረብ ታስታውሳላችሁ፤ በኛ ዘመን የሴት ልጅ መቁነጥነጥ እንደ በሽታ ነበር የሚቆጠረው። እኔም ለዚሁ ነገር ጠበል ተወስጃለሁ። ጠበሉ በጣም ቀዝቃዛ ስለነበር ስመለስ መንገዱን ሁሉ በሩጫ ነው የጨረስኩት።

ትንሽ የምረጋው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አባዬ የሚሠራባት ዳስ ውስጥ። አባዬ ጠብመንጃ ይጠግን ነበር። አያቴ ከሸዋ ከሠራዊቱ ጋር መጥተው ኢሉባቦር የቀሩ ወታደር ናቸው፤ የወታደር ልጅ ደግሞ ነፍጥ ተሸክሞ ከሹም ኋላ መሄድ ነበር ወጉ። አባዬ ግን በጉብዝናው ወራት ጎሬ አንድ አርመን ጠብመንጃ ሠሪ ዘንድ ሲላላክ ሞረድ መያዝ ለመደና በዚያው ቀረ። እሳት አያነድም፤ ወናፍ አይነፋም፤ የሚሠራው በቀዝቃዛ ብረት ብቻ ነው። ይህን የሚያደርገው ወዶ አይደለም። እሳት የነካ ቀጥቃጭ ይባላል፤ ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው እየተባለ ከማዕድ ይገለላል፤ ልጁንም የሚያገባ የለም። ስለዚህ አባዬ በሁለት ዓለም ድንበር ላይ ይኖር ነበር። ፊት ለፊት "ጋሼ ተክሌ" ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ "ቱምቱ" የሚሉት አልጠፉም። በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው።

በዳሷ መሐል፣ መሬት ከተቀበረ የዋንዛ ግንድ ጋር የታሰረ እግሩ ረጅም ብረት ነበር። ዛሬ የየጋራዡ ልጅ ሞርሳ የሚለው ዕቃ ነው። ያን ጊዜ ሞርሳ የሚለውን ስም የሰማ አልነበረም፤ አባዬ መንጋጋ ይለው ነበር። መንጋጋ ሲባል እንግዲህ የላይና የታች ይኖረዋል፤ ሁለቱ ተገናኝተው ነው የሚነክሱት። የአባዬ መንጋጋ ግን አንድ ወገን ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ስንት ጊዜ አስነግሬዋለሁ፤ እሱም ሳይሰለች ነግሮኛል። ጎሬ ያለ ነጋዴ ከካርቱም በመርከብ ጋምቤላ ድረስ አስመጣለት። ከጋምቤላ ወደ ቡሬ ዳገቱን የሚወጣው በበቅሎ ነው፤ የበቅሎ ጭነት ደግሞ ግራና ቀኙ ካልተካከለ በቅሎዋ አትሄድም። ጭነት የሚነዱት ቅፍለኞቹ ያን ሁሉ ብረት በአንዷ ላይ መጫን አቅቷቸው ፈቱት፤ ግማሹን በአንዷ፣ ግማሹን በሌላዋ በቅሎ ከጨርቅና ከጨው ጋር አመዛዝነው ጫኑት። የመጀመሪያዋ በቅሎ ደረሰች። የሁለተኛዋ ጭነት ግን ጠፋ። ነጋዴው "ባሮ በላው" አለና ነገሩን ዘጋው።

እና አባዬ ሌላው መንጋጋ ባለመኖሩ ጠብመንጃውን በሁለት ጉልበቱ መሐል ቆንጥጦ፣ አንዳንዴም በእግሩ ጣቶች ይዞ ነበር የሚሞርደው። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ የብረቱን ፊት በጣቴ እደባብስ ነበር። ፊቱ የድመት ምላስ ይመስል ሻካራ ነው፤ ግራና ቀኝ የተጠላለፈ ጥርስ ተቆርጦበታል። ከአንገቱ በታች ደግሞ ሦስት ጥቃቅን ነጥቦች ተወግተው ነበር። ምንድን ናቸው ስለው፣ "ሠሪው በሁለቱም ላይ አንድ ምልክት ያደርጋል፤ ባልና ሚስቱ ከሌላው ጋር እንዳይለዋወጡ" ይለኝ ነበር። እኔም ሚስቲቱ ባሮ ውስጥ ከአዞ ጋር ምን ታደርግ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ከደኑ ላይ ተነስቶ ሳያባራ በሚውልበት ወር፣ አባዬ የአንድ ሰው ጠብመንጃ ይዞ ሲሞርድ ጉልበቱ ሸርተት አለና የሞረዱ ጫፍ አውራ ጣቱ ሥር ገባ። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቱ ግን መጨበጥ አቃተው። ከዚያ ወዲያ አባዬ ነገር በጉልበቱ ይይዝና በእጁ መግፋት አይችልም፤ በእጁ ይገፋና በጉልበቱ ያመልጠዋል። የሰው ጠብመንጃ ዳሱ ውስጥ መከማቸት ጀመረ። ባለቤቶቹ በየገበያው ቀን እየመጡ "እንዴት ነው ጋሼ ተክሌ?" ይላሉ፤ እሱ "ደርሷል" ይላቸዋል፤ አልደረሰም። ከዚያ አንዳንዱ የራሱን እንደተሰበረ ይዞ ይሄዳል። አባዬ በሄዱበት በኩል ቆሞ ያይ ነበር። እኔ ያን ሰሞን መቁነጥነጤ ብሶብኝ ነበር፤ እሱ ዝም ባለ ቁጥር የኔ እግር መቆም አይችልም።

ይህን የሰማው የእናቴ ወንድም ባሻ ወልዴ ከጎሬ በበቅሎ መጣ። አጎቴ የሹም ባለሟል ነው፤ ካባው መሬት ሳይነካ የሚቀመጥበት በርጩማ እንኳ ይፈልጋል። ገና ሳይወርድ ነው የጀመረው። "ተክሌ፣ እግዜር ራሱ ሞረዱን ከእጅህ አስጣለህ። የአባትህን ነፍጥ ያዝና ጎሬ ና፤ ከጌታዬ ደጅ አስገባሃለሁ። ለመስቀል ተመልሼ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ቤትህን ጭነህ ጠብቀኝ።" አባዬ የበቅሎዋን ልጓም ያዘለት። አጎቴ ሲሄድ ግን ዳሱ ገብቶ በዚያች በማትጨብጥ ጣቱ የብረቱን ጥርስ ሲደባብስ አየሁት። ጎሬ ሄዶ በሰው ደጅ ከሚቆም ሞረዱን ይዞ መቱ ቢቀር እንደሚመርጥ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። እስከ መስቀል አንድ ነገር ካልተገኘ ግን መሄዳችን ነበር።

ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ልጅ ሁሉ እየጾመ ይቆርባል፤ እኛም ጠዋት ጠዋት እናቴን ተከትለን እንወጣ ነበር። ያን ዓመት እናቴ አባዬ እንዲድን ተስላ ስለነበር የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ትታ ሶር ወንዝን ተሻግራ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ኪዳነ ምሕረት ትሄድ ጀመር። ትንሽ የጫካ ደብር ናት፤ ጥሩ ደወል የላትም፤ ትልቅ ዋርካ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ ብረት ነበር የሚመታው። ድምፁ ግን የጠራ ነው፤ ቲንንን ብሎ ቅጠሉ ላይ ያለው ዝናብ እስኪያልቅ የሚቆይ ይመስላል።

ቅዳሴ ለኔ ዓይነቷ ልጅ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ሆድ ባዶ፣ እግር እርጥብ፣ መቆም ረጅም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ስትሰግድ በነጠላዋ ሥር ሾልኬ ወጣሁና ዋርካው ሥር ደረስኩ። የደወሉን ብረት አቅፌ መወዛወዝ ነበር ያሰብኩት፤ ስይዘው ግን እጄ አንድ የማውቀውን ነገር ነካ። ሻካራ ፊት። የተጠላለፈ ጥርስ። ዝገቱ ወፍራም ነው፤ ነጥቡን ለማየት በጥፍሬ መፋቅ ነበረብኝ፤ አንገቱ ሥር ሦስቱም ነበሩ። ቆርቤም ይሁን ሳልቆርብ አላስታውስም፤ ሶርን ግን በግንድ ድልድይ ላይ እየሮጥኩ ተሻግሬ ከሁሉ በፊት ቤት ደረስኩ።

"አባዬ፣ ሚስቲቱ ተገኘች" አልኩት።

"የማን ሚስት?" አለ።

ነገርኩት፤ አላመነኝም። "ደወል ላይ ጥርስ ምን ይሠራል? ዝገት ሲቆራርጠው አይተሽ ነው" አለኝ። በማግስቱ ግን ከእናቴ ቀድሞ ነጠላውን ለብሶ ጠበቀን። ቅዳሴው እስኪያልቅ ዋርካውን አላየም፤ ሆን ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የቆመው። ሕዝቡ ሲበተን ሄደና ጆሮውን ብረቱ ላይ አድርጎ በጠጠር ቀስ ብሎ መታው። "ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ የፈሰሰ ብረት እንዲህ አይጮኽም፤ እንደ ሸክላ ነው የሚለው" አለኝ። ቀጥሎ ነጥቦቹን አየ። ከዚያ ዋርካው ሥር ቁጭ አለ፤ አባዬ ከዳሱ ውጭ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የደብሩ አለቃ መምሬ ካሳ ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ዳበሱ። "ልጄ፣ ይህ የስለት ዕቃ ነው። የታቦት ገንዘብ ሆኗል። እኔ አውርጄ ልሰጥህ አልችልም፤ ሰጪዋ ብትፈቅድና በምትኩ ሰው የሚጠራ ነገር ብታመጣ ግን ስለት በስለት ይለወጣል" አሉት። ሰጪዋን ጠሩልን። ከደብሩ በታች ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት፤ አኮ ለሊሴ ይሏታል። አኮ በዚያ አገር ኦሮምኛ አያት ማለት ስለሆነ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራት፤ የራሷ የልጅ ልጅ ግን አልነበራትም።

ያን ጊዜ ነው የሁለተኛዋ በቅሎ ነገር የተሰማው። አንድ ልጇ ገመቹ ቅፍለኛ ነበር። ከጋምቤላ ሲመለስ የቆላ ንዳድ ያዘውና ቡሬ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። ጓደኞቹ የልጁን ጋቢና በትር፣ በቅሎው ላይ የነበረውንም ብረት አምጥተው ለእናቱ አስረከቧት፤ የሱ ዕቃ ነው ብለው ነበር። እሷ ብረቱ ምን እንደሆነ አታውቅም። ማረሻ አይደለም፣ ድጅኖ አይደለም። ቤት ውስጥ ስታየው አንጀቷ ስላልቻለ ለኪዳነ ምሕረት ሰጠችው። ዋርካው ላይ ሰቅለው ሲመቱት ጮኸ።

"ልጄ ከሄደ በኋላ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው" አለች ለአባዬ፤ አማርኛውን እየፈለገች ነበር የምትናገረው። "ሌሊት ሲመታ፣ ገመቹ 'አያ፣ እናቴ፣ ተነሺ' የሚለኝ ይመስለኛል። ሲቢላ ኢልማ ኮቲ፣ የልጄ ብረት ነው። አንተ ምን ታደርግበታለህ?"

አባዬ በእጁ እያሳየ ሊያስረዳት ሞከረ፤ አንዱ መንጋጋ እንዲህ፣ ሌላው እንዲህ፣ መሐል የሚጠመዘዝ ብረት አለ፤ እሱ ቤት ነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። አኮ ለሊሴ ራሷን ነቀነቀች፤ አልገባትም። ያችን የታመመች ጣቱን ግን አየቻት። "እንዲህ የሚጠራ አምጣና ውሰደው። ከዚህ ያነሰ አልቀበልም። ጆሮዬ ገና ነው" አለች።

ከዚያ የሚሰማ ነገር ፍለጋ ተጀመረ፤ ይህ ደግሞ ለኔ የተፈጠረ ሥራ ነበር። ቤት ውስጥ ያልመታሁት ነገር የለም። ማረሻ መታሁ፤ ዱብ አለ። የጎረቤት መጥረቢያ ተውሼ ሰቀልኩ፤ ቀጭ ብሎ ቀረ። የበቅሎ እርካብ፣ የተሰነጠቀ ድስት፣ የእናቴ የሰርግ ጊዜ የነበረ የነሐስ ሳፋ። ሳፋው ደህና ይጮሃል፤ እናቴ ግን ከእጄ ነጥቃ "ከዚህ ቤት ነገር ሁሉ ሊደወል ነው እንዴ?" አለችኝ። አባዬም ቢሆን ተስፋው በየቀኑ ሲቀንስ ይታይ ነበር። አበባ ተቀበልን፤ እንቁጣጣሽ አለፈ፤ መስቀል ቀረበ። ቤታችን ውስጥ ዕቃ መጠቅለል የጀመረችው እናቴ ናት፤ አንድ ስልቻ ሞላች፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ።

አንድ ቀን ከሰዓት አባዬ ዳሱ ውስጥ የለም። ቤት ገባሁ፤ የአያቴን ነፍጥ ከግድግዳ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ረጅም ውጅግራ ነው፤ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግን ቤት የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር። እሱ ግድግዳ ላይ እስካለ ድረስ እኛ የወታደር ቤት ነን፤ ማንም ፊት ለፊት ቱምቱ አይለንም። አባዬ ሰደፉን በቀስታ ፈታ። ባዶውን ረጅም ብረት በክር አንጠልጥሎ ያዘና "ምቺው" አለኝ።

በማንኪያ ነው የመታሁት። የወጣውን ድምፅ በምን ልንገራችሁ? ከደወሉ የቀጠነ ነው፤ ግን አያልቅም። ሁለታችንም እስኪያልቅ ጠበቅን። እናቴ ከጓዳ እጇን እያደረቀች ወጣች፤ የተንጠለጠለውን አየች፤ ግድግዳውን አየች፤ ተመልሳ ገባች።

አጎቴ ለመስቀል እንዳለው መጣ፤ ሁለት አጋሰስ ይዞ ነበር የመጣው። ግድግዳው ባዶ መሆኑን ሲያይ ሳይቀመጥ ቀረ። "የታለ?" አለ። አባዬ ነገረው። አጎቴ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ።

"የአባትህን ነፍጥ ለዛፍ? አባትህ ያን ተሸክሞ ነው ስንት አገር አቋርጦ የመጣው። ነፍጡን ከሰቀልክ ከነገ ጀምሮ ምንድን ነህ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ብዬ ልጥራህ?"

አባዬ የጣቱን ጠባሳ ዳበሰ። እኔ በሩ ሥር በአንድ እግሬ ቆሜ ነበር፤ እግሬን ማሳረፍ እስኪያስፈራኝ። የተናገረችው እናቴ ናት፤ ወንድሟን ከዚያ በፊት ስትመልስለት ሰምቼ አላውቅም።

"ወንድም ጋሼ፣ ያ ነፍጥ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ከግድግዳው ወርዶ አያውቅም፤ አቧራውን የምጠርግለት እኔ ነኝ። ሰው ጠርቶ አያውቅም፣ ሰው አብልቶም አያውቅም። እንግዲህ ለኪዳነ ምሕረት ይጥራ። ባሌ ቀጥቃጭ ከተባለ የቀጥቃጭ ሚስት ነኝ፤ ሌላ ምን እሆናለሁ?"

አጎቴ ቡናውን ሳይቀምስ አጋሰሶቹን ይዞ ባዷቸውን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቤታችንን ረግጦ አያውቅም። የተናገረውም አልቀረም። በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ልጆቹ ሲጫወቱ ገባሁና አንዷ "የቱምቱ ልጅ አትንካን" ብላ እጇን ደበቀች። የማላቋርጥ ሯጭ የነበርኩ ልጅ ያን ቀን ወደ ቤት በእርምጃ ነው የተመለስኩት። አለቀስኩ፤ አባዬ እንዳያየኝ ግን ከዳሱ በስተጀርባ ነበር ያለቀስኩት።

በአንድ እሑድ የአያቴ ነፍጥ ዋርካው ላይ ወጣ። መምሬ ካሳ ባረኩትና በትንሽ መዶሻ መቱት። አኮ ለሊሴ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ሰጠች። ድምፁ ሶርን ተሻግሮ ሲሄድ ሁላችንም ሰማነው። ሲያበቃ ዓይኗን ገለጠች፤ "ይሰማል" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ወደ ቤቷ ስትወርድ ጠፍሩ የተፈታውን የልጇን ብረት በእጇ ነክታው አለፈች። አባዬ ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ተመለሰ፤ ደስታው ሐዘን ተቀላቅሎበት ነበር።

ብረቱን ማዳኑ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ዝገቱ እንደ ዛፍ ልጥ ተደራርቦ ነበር። አባዬ ከጎረቤት የጠላ አተላ አስመጥቶ በትልቅ ጋን ውስጥ ዘፈዘፈው፤ አተላው ኮምጣጣ ስለሆነ ዝገቱን ይበላዋል። ጋኑን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አተላው እየፈላ ሲሸት የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ እየመጣ ይጠጣል፤ ጠጥቶም እየተንገዳገደ ይሄዳል። እናቴ ጎረቤቶቻችንን ይቅርታ ስትጠይቅ ከረመች። ከጋኑ ሲወጣ በሶር አሸዋ ፈተግነው፤ በሎሚ ቆዳ አሸነው፤ ከሥሩ ግራጫ ጠንካራ ብረት ወጣ። በመጨረሻ ሰም አቅልጦ በቅቤ ለውሶ ቀባው። የኛ አገር ሰም ማር ማር ይሸታል፤ ያ ዳስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ የቀፎ ሽታ ነበረው። ሁለቱን ግማሽ የሚያያይዘው መቀርቀሪያ ጠፍቶ ስለነበር አባዬ አዲስ መሥራት ነበረበት። ለዚያ እሳት ያስፈልጋል። እሳት አነደደ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየው።

ሁለቱ መንጋጋዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ጥርሳቸው ገጠመ። አባዬ የሚጠመዘዘውን ብረት ከጨርቁ ፈትቶ አስገባና መዳፉን ብቻ ተጠቅሞ አዞረው፤ አውራ ጣቱ አላስፈለገችም። መንጋጋው የአንድ ሰው ጠብመንጃ ነክሶ ያዘ። አባዬ ሞረዱን በሁለት እጁ ያዘና አንድ ጊዜ ገፋ። የጠብመንጃው ብረት አልተነቃነቀም። እንደገና ገፋ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

የመስቀል አበባ ሳይረግፍ፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያ መልስ፣ አኮ ለሊሴ በትሯን ተደግፋ ዳሱ በር ላይ ቆመች። ሶርን ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተሻግራ ነው የመጣችው። "ሥራውን አሳየኝ" አለች። አባዬ በርጩማ አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም። ብረቱን ቀረብ ብላ አየችው፤ አላወቀችውም፤ ዝገቱ የለም፣ ጠፍሩ የለም። እጇን ስታሳርፍበት ግን ጥርሱን አወቀችው፤ እንደኔው በእጇ ታውቀው ኖሯል።

አባዬ የተሰበረ የጠብመንጃ ቁልፍ መንጋጋው መሐል አደረገና እጀታውን ለቀቀላት። "እርስዎ ያጥብቁት" አላት። በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው፤ ቀስ እያለ ገጠመ። ቁልፉን ለመንቀል ሞከረች፤ እምቢ አላት። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም እምቢ አላት። እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ቆመች። እናቴ ከቤት ወጥታ ነበር፤ እሷም ቆመች።

"ስንት ዓመት ሙሉ 'ልጄ ምን ተሸክሞ ነው የሞተው?' እያልኩ ኖርኩ" አለች አኮ ለሊሴ። "ድንጋይ ይሁን፣ የሰው ጣጣ ይሁን አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት። ለሥራ ሰው ነው ይዞት የመጣው።"

ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እናቴ እህል አቀረበችላት፤ እሷም ከቀጥቃጭ ቤት ማዕድ ያለ ምንም ማቅማማት ቆርሳ በላች። በመቱ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች።

ዛሬ መቱ ሌላ ከተማ ናት። ዕቃው ሁሉ በመኪና ይመጣል፤ ከጋምቤላም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከየት እንደሆነ ከማናውቀውም አገር። የልጅ ልጆቼ የፈለጉትን ብረት በአንድ ቀን ይገዛሉ፤ ሲበላሽ ይጥሉትና ሌላ ይገዛሉ፤ እኔም አልወቅሳቸውም፤ እኛም አግኝተን ቢሆን እንደዚያው እናደርግ ነበር። እንደ ቱምቱ ልጅ የሚሸሸንም የለም፤ ብረት የሚሠራ ሰው ዛሬ የተከበረ ነው፤ ይህን በዓይኔ በማየቴ አባዬ ባያየውም ደስ ይለኛል። እኔ ግን አሁንም አርፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ ዕቃ ቤት ሲገባ ተነስቼ እዞረዋለሁ፣ እነካካዋለሁ፤ ልጆቹ "ምን ፈልገሽ ነው?" ይሉኛል። ማን ተሸክሞ እንዳመጣው ነው ማወቅ የምፈልገው። ብጠይቃቸውም አያውቁትም።